እድር የማይደርስበት ቤት

ድንኳኑ የእድር ነው። በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈው ስም በፀሐይ ደብዝዟል፤ ገመዱን የወጠሩት ሰዎች ለቅሶ ቤት ሲተክሉ የኖሩ መሆናቸው ከእጃቸው ቅልጥፍና ያስታውቃል። ዛሬ ግን የሞተ ሰው የለም። ቅዳሜ ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድሮምና ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ልጆች ከነቤተሰቦቻቸው ተሰብስበዋል። ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ረከቦቱ ተዘርግቷል፣ ድፎ ዳቦው ሊቆረስ ነው።

ላይ ላዩን ሲያዩት እንደማንኛውም ድግስ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን ይለያል። ድምፅ ማጉያ የለም፤ ሙዚቃው ከአንድ ስልክ ነው የሚሰማው፣ እሱም ዝግ ተደርጎ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ወጣቶች እንግዳ ተቀባይ አይደሉም፤ ሥራቸው አምልጦ ወደ አስፋልት የሚሮጥ ልጅ እንዳይኖር መጠበቅ ብቻ ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ አንዱ መጋረጃው ተጋርዶ፣ ፍራሽ ተነጥፎበት፣ ጫጫታ ለሚከብደው ልጅ ማረፊያ ሆኗል። በየልጁ ጀርባ ላይ የወላጁ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል።

ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ የለስላሳ ቆርኪ ይደረድራል። ቀይ ከቀይ፣ ቢጫ ከቢጫ። መስመሩ ሲጣመም መልሶ ያፈርሰውና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እናቱ ወንበር ተሰጥቷታል፤ አልተቀመጠችም። ልጁ ድንገት ተነሥቶ ከአንድ አባት ሳህን ላይ ዳቦ ሲያነሣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ እሱ ትንሽ…» እያለች ሮጠች። ሰውየው ሳቁ። «ቆይ የኔ ልጅ ነጠላሽን ይጎትትና እንካካሳለን» አሏት።

ጀበናውን የያዙት ጠና ያሉ ሴት ጣልቃ ገቡ። «ተቀመጪ እንጂ ልጄ፤ እኔ አየዋለሁ።»

«ይሮጣል እኮ እትዬ።»

«ይሩጥ። በሩ ተዘግቷል። የኔም ሲሮጥ ነው ያደገው።»

ተቀመጠች። አቦሉን ተቀብላ ፉት አለችና ፈገግ አለች። «ቡና ሳይቀዘቅዝ ከጠጣሁ ስንት ዘመኔ!»

እንዲህ ያለው «የቤተሰብ ቀን» ለተመልካች የልጆች መዝናኛ ነው። ለወላጆቹ ግን ልጃቸው ጮኾ፣ ሮጦ፣ የሰው ዳቦ አንሥቶ ይቅርታ የማይጠየቅበት ብርቅ ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ብርቅ የሆነው ጎረቤት ጨካኝ ስለሆነ አይደለም። በዚህች አገር ሰው ለሰው የሚደርስበት መንገድ አለ፤ መንገዱ ግን እነዚህ ቤቶች ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይቋረጣል።

ጥሩምባ የማይነፋለት

የከተማ ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚደርስለት ያውቃል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ብረት ድስት ከእድሩ መጋዘን ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ሐዘንተኛው እስከ ሠልስት ብቻውን አያድርም። ሴት ስትወልድ ገንፎው ይገነፋል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባዩ ይጎርፋል። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሰደቃ፣ ሁሉም የታወቀ ሥርዓት አለው። ሥርዓቱን የሚያስጀምረው ደግሞ ቀን ነው። ቀን ሲኖር ሰው ይመጣል።

የልጅ ዕድገት ችግር ግን ቀን የለውም። ሁለት ዓመቱ ላይ አልናገር ሲል «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይባላል። ሦስት ሲሞላው ስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ «ጆሮው ይታይ» ይባላል። ጆሮው ታይቶ ደኅና ነው። ከዚያ ጠበል፣ ከዚያ ሌላ ክሊኒክ፣ ከዚያ ሌላ ጠበል። ወላጆች የችግሩን ስም በሰሙበት ቀን ጥሩምባ የሚነፋ የለም። ብዙዎቹ ለገዛ እናታቸውም አይናገሩም።

በዚህ መሐል ቤተሰቡ ከማኅበራዊ ኑሮ ቀስ በቀስ ይወጣል። ልጁ ክርስትና ቤት ሄዶ ጮኸ፤ እናት በሚቀጥለው አልሄደችም። ለቅሶ ቤት ንፍሮውን ደፋው፤ አባት ብቻውን መሄድ ጀመረ። ጎረቤት ይህን እንደ ኩራት ያየዋል፤ «እነሱ እንኳ ከሰው አይገጥሙም» ይላል፤ ከዚያ መጥራት ይተዋል። አንዱ አፍሮ ቀረ፣ ሌላው ቅር ብሎት ተወ፤ በመሐል በሩ ተዘጋ። ይህን ሁሉ ማንም አስቦ አላደረገውም፤ ከሁለቱም ወገን በትንሽ በትንሹ የተሠራ ነው።

ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያስታምሙ 102 ሰዎች የተጠየቁበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ከተጠየቁት 45 በመቶ ያህሉ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ገደማ ደግሞ ነገሩን ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ኀፍረቱ በትምህርት ደረጃ የሚለይ አልሆነም፤ የተማረውም ያልተማረውም ያፍራል። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል ሲባሉ 40 በመቶው መንፈስ ነው ብለዋል፤ ከሩብ የሚበልጡት ደግሞ የኃጢአት ውጤት ነው ብለው ያምናሉ። ብርታት የሚሰጣችሁስ ምንድን ነው ሲባሉ ብዙዎቹ የጠቀሱት ከባለሙያና ከቤተሰብ ጋር መነጋገርን ነው፤ ሁለቱም ከ85 በመቶ በላይ ደርሰዋል። ጸሎት እንኳ ከ58 በመቶ አልዘለለም። የሃይማኖት አገር በምትባል አገር ይህ ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብን ይጠይቃል፤ እነዚህ ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚያወራቸው ሰው ይፈልጋሉ።

የእናት ጥፋት አይደለም

ወሬው ወዴት እንደሚያደላ ይታወቃል። «በእርግዝናዋ ምን አድርጋ ይሆን?» ይባላል። ስለዚህ ጥቂት ነገር በግልጽ መነገር አለበት።

ዳውን ሲንድሮም የሚመጣው ልጁ 21ኛውን ክሮሞዞም በሁለት ፈንታ በሦስት ቅጂ ይዞ ሲፈጠር ነው፤ ይህን ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ካሳወቁ ከ60 ዓመት በላይ ሆኗል። ሴሬብራል ፓልሲ አእምሮ በማደግ ላይ ሳለ፣ በማሕፀን ወይም በወሊድ አካባቢ ወይም በሕፃንነት፣ በሚደርስበት ጉዳት የሚከሰት የእንቅስቃሴ ችግር ነው፤ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ያለጊዜ መወለድ፣ ያልታከመ ከባድ የአራስ ቢጫ በሽታና የማጅራት ገትር ከመነሻዎቹ መካከል ናቸው። ኦቲዝም በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ዝንባሌ ያለበት የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል። ክትባት አያመጣውም፤ ያመጣል የሚል ወሬ ያስነሣው የእ.ኤ.አ. 1998ቱ ጽሑፍ በ2010 ከታተመበት መጽሔት ተሰርዟል።

እናትን መውቀስ የኛ ብቻ በሽታ አይደለም። ኦቲዝም እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ ከተገለጸ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የተማሩ ሐኪሞች ሳይቀሩ ችግሩን የሚያመጣው የእናት ቅዝቃዜ ነው ይሉ ነበር። ያን አስተሳሰብ ከሰበሩት መካከል የልጆቹ ወላጆች ነበሩበት። ለንደን ውስጥ ወላጆች ተሰባስበው እ.ኤ.አ. በ1962 ያቋቋሙት ማኅበር ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር ነው። አሜሪካ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1965 ተመሳሳይ ማኅበር ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው።

አዲስ አበባም የሄደችው በዚሁ መንገድ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ከአሜሪካ ተመልሰው ኒያና የተባለውን የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱ ባለሙያ ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ካወቁ በኋላ የሚያስተምርላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ራሳቸው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ቀርበው «ልጄ ኦቲዝም አለበት» ሲሉ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው ብዙ ነበር። ለልጆቹ የአማርኛን ድምፆች በቅደም ተከተል ለማስተማርም የራሳቸውን ዘዴ ቀምረዋል። በ2013 ዓ.ም. አረፉ፤ ማዕከሉ ግን ቀጥሏል። ከእሳቸው ቀጥሎ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች ጥረት ተከፈተ። የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳ በበኩላቸው ዳውን ሲንድሮም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን መሥርተዋል።

ታዋቂ ሰው በአደባባይ «የኔም ልጅ» ማለቱ ብዙ በር ከፍቷል። ግን ማዕከላቱ ጥቂት ናቸው፣ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፣ ወረፋቸው ረጅም ነው። የደብረ ማርቆስ፣ የወልድያ ወይም የአርባ ምንጭ እናት ስለ ማዕከሉ በሬዲዮ ትሰማለች እንጂ አትደርስበትም። ለእሷ የሚደርስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

ሐኪም የማይጠይቅ ሥልጠና

የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ለሚያሳድጉ ሰዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። አሠልጣኙ ስፔሻሊስት መሆን የለበትም፤ ሥልጠናውን የወሰደ የጤና ሠራተኛ ወይም በደንብ የተዘጋጀ ሌላ ወላጅ ይበቃል። ኢትዮጵያ ይህ ሥልጠና ቀድሞ ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ትምህርቱ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በከተማም በገጠርም ታይቷል።

ወላጅ ምን ይማራል? ልዩ መሣሪያ፣ ልዩ ክፍል የለውም። ሥልጠናው የሚነሣው በቤት ውስጥ ካለ ሥራ ነው። ለምሳሌ ቡና ይውሰዱ። እናት ቡናውን ስታጥብ ልጁን አጠገቧ ታስቀምጠዋለች። እሱ ጥሬውን ቡና እያፈሰሰ ድምፁን ያዳምጣል። የለመደችው መከልከል ነበር፤ አሁን እሷም አብራው ታፈሳለች፤ «ሸሸሸ» ትላለች። ቀና ብሎ ካያት ያ ትልቅ ነገር ነው። ቀጥላ አንድ ፍሬ በእጇ ይዛ ትጠብቃለች፤ ቶሎ አትሰጠውም። እጁን ይዘረጋል፤ «ስጪኝ» ትልለታለች፤ ትሰጠዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት ምናልባት እሱ ራሱ «ስ» ይል ይሆናል። ምንም ባይልም እጁን መዘርጋቱ ራሱ ንግግር መሆኑን እናት ተምራለች።

ሁለተኛው ነገር ጩኸትን ማንበብ ነው። ልጅ የሚጮኸው አንድም የፈለገው ነገር ስላለ፣ አንድም ከአንድ ነገር መሸሽ ስለፈለገ፣ አንድም ደግሞ ስላመመው ነው። እናት ጩኸቱ መቼ እንደመጣ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደነበረ፣ ከዚያ በኋላ እሷ ምን እንዳደረገች ልብ እንድትል ትሠለጥናለች። ወፍጮው ሲነሣ የሚጮኽ ልጅ ድምፁ ነው የከበደው እንጂ ጋኔን አልያዘውም። ወፍጮ ቤቱን ማስዘጋት አይቻልም፤ ወፍጮው ከመነሣቱ በፊት ግን ልጁን ወደ ጓሮ መውሰድ ይቻላል።

ሥልጠናው የሚያሳድገውን ሰው ራሱን አይረሳም። እናት እንቅልፏን፣ ንዴቷን፣ ድካሟን የምትናገርበት ሰዓት አለ። ብዙ ወላጆች በመጀመሪያ የሚወዱት ይህን ነው፤ ዘዴውን በኋላ ነው የሚያደንቁት። ከሌላ እናት አፍ «እኔም መትቼው አልቅሻለሁ» የሚል ቃል የሰማች ሴት በሚቀጥለው ሳምንት አትቀርም።

ከሠላሳ ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሏት አገር ይህን ለማዳረስ መነሻ አላት። ስለ ሕፃናት የአእምሮ ዕድገት አጭር ሥልጠና በወሰዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ለልጆቹ የነበራቸው አሉታዊ አመለካከት መቀነሱን አሳይቷል። ቤት ለቤት የምትዞር ሴት አንዲት እናት የምትደብቀው ልጅ መኖሩን ከቀበሌም ከሐኪምም ቀድማ ታውቃለች። ምን እንደምትላት ማወቅ ብቻ ነው የሚቀራት።

ትምህርት ቤቱ፣ ታክሲውና አባትየው

በዚያው የአዲስ አበባ ጥናት ወላጆች ምን ጎደላችሁ ሲባሉ ከአራቱ ሦስቱ ያነሡት ትምህርትን ነው፤ ሕክምናን ያነሡት ግማሽ አይሞሉም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። የአካቶ ትምህርት ስትራቴጂ ወጥቷል፣ ተሻሽሏል። መሬት ላይ ግን አንድ መምህር ስድሳ ተማሪ ይዞ አካቶን መተግበር ሲሳነው፣ «ልጅሽን ለጊዜው ቤት አቆዪው» የሚለው ቃል ነው ለእናትየው የሚደርሳት። ያ «ለጊዜው» ዓመታት ይሆናል።

ልጁ ቤት ሲቀር እናትም ቤት ትቀራለች። ሥራዋን ትለቃለች፤ ገቢው ይቀንሳል፤ ወጪው ይጨምራል። ሚኒባስ ውስጥ የሚጮኽ ልጅ ይዞ መሄድ ስለማይቻል ላዳ በኮንትራት መያዝ ግድ ይሆናል። ዳይፐር ስድስት ዓመት ለሞላው ልጅም ይገዛል። ሞግዚት ትቀጠራለች፣ በወሩ ትሄዳለች። አከራይ «ጎረቤት ተረበሸ» ይላል፤ ቤት ይቀየራል። አባትየው በዚህ መሐል የሚጠፋበት ቤት ጥቂት አይደለም። አንዳንዱ አምሽቶ መግባት ያበዛል፣ አንዳንዱ ጨርሶ ይሄዳል። የሚቀሩ አባቶች ደግሞ አሉ፤ ለእነሱ የሚሆን ወሬ የሚያወራ ሰው የለም፤ የወላጆች ስብሰባ የሚባለው ሁሉ የእናቶች ስብሰባ ስለሆነ ተቀምጠው ስልካቸውን ይነካካሉ። ጥሩ አዘጋጅ ይህን አይቶ ለአባቶች የብቻ ሰዓት ይመድባል። ኳስ እየታየም ቢሆን ይወራል።

እኅትና ወንድም አሉ ደግሞ። ዐሥር ዓመት የሆናት እኅት ታናሿን ታበላለች፣ ትጠብቃለች፤ የትምህርት ቤት ጓደኛ ይዛ ቤት አትመጣም። በቤተሰብ ቀን ላይ እሷን የሚጠይቃት ሰው ካልተመደበ ዝግጅቱ ግማሽ ነው።

ቡናው ባሕር ማዶ

ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ የሐበሻ ቤተሰቦች ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። እዚያ ሕጉ ለልጁ ቆሟል። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለጉዳተኛ ልጅ ነፃና ተገቢ ትምህርት የመንግሥት ትምህርት ቤት ግዴታ ነው ይላል። ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የቅድሚያ ድጋፍ አለ። ከሦስት ዓመት ጀምሮ እስከ ወጣትነት ድረስ ደግሞ አይኢፒ የሚባል የግል የትምህርት ዕቅድ ይወጣለታል፤ ዕቅዱ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል፤ ወላጅ የቡድኑ አባል ነው። ወላጅ ልጄ ይመርመርልኝ ብሎ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል። ስብሰባውን እንዲረዳ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው።

ችግሩ ይህን አብዛኛው ሰው አለማወቁ ነው። ታክሲ እያሽከረከረ፣ የሌሊት ፈረቃ እየሠራ የሚያድር አባት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሃያ ገጽ ሰነድ ቀርቦለት «እሺ» ብሎ ይፈርማል። መምህርን መሞገት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ሲጠየቅ ዝም ይላል፤ ዝምታው እንደ ስምምነት ይመዘገባል። የሜዲኬይድ ዌቨር የሚባለው ድጋፍ ለአሳዳጊ እረፍት ጭምር ይከፍላል፤ ወረፋው ግን ዓመታት ስለሚፈጅ ልጁ ሦስት ዓመቱ ላይ ያልተመዘገበ ሰው ዐሥራ ሦስት ሲሞላው ይቆጨዋል። ይህን የሚነግረው ብዙውን ጊዜ ቢሮ አይደለም፤ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት ናት። «ነገ ደውል፤ ስሙን አስመዝግብ፤ ባይደርሰውም አስመዝግብ» ትለዋለች። በአማርኛ የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ከታተመ ብሮሹር በላይ ትሠራለች።

ሌላም ክርክር እዚያ ቡና ላይ ይነሣል። «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት» የሚል ምክር ያልተሰጠው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ጥናቶች ግን ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ንግግር እንደማይጎዳ ደጋግመው አሳይተዋል። ምክሩን የተቀበለ ቤት ውስጥ የተጎዳችው አያት ናት፤ ከኢትዮጵያ መጥታ ልጁን የምትጠብቀው እሷ ሆና ሳለ የምታናግርበት ቋንቋ ተከለከለባት።

ቀን መቁረጥ፣ ከዚያም በኋላ

መጋቢት በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ ሥራ የሚበዛበት ወር ነው። መጋቢት 12 የዓለም የዳውን ሲንድሮም ቀን፣ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ የእግር ጉዞ ይደረጋል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ካሜራ ይመጣል። ሚያዝያ ሲገባ ስልኩ ጸጥ ይላል። ወላጆች እንዲህ ያለውን ቀን አይጠሉትም፤ የሚያማርሩት በነጋታው ማንም አለመኖሩን ነው። የባሰም አለ። ልጃቸው መድረክ ላይ ወጥቶ የእርዳታ መለመኛ ሲሆን፣ ፎቶው ሳይጠየቁ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ፣ በዚያ ዝግጅት ዳግመኛ አይገኙም።

የተሳካ ዝግጅት ያደረጉ ሰዎች የሚሉት ይመሳሰላል። ሰዓቱ አጭር ይሁን፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ንግግር አይብዛ። አንዳንድ ልጅ ከሩዝ በስተቀር ምንም ስለማይበላ ወላጅ ምግቡን ይዞ ቢመጣ ነውር አይሁን። መጸዳጃ ቤቱ ቅርብ ይሁን፤ ትልቅ ልጅ የሚቀየርበት ንጹሕ ፍራሽ ይኑር። ፎቶ በፈቃድ ብቻ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚከተለው ወጣት ይመደብ፤ ወጣቱም አስቀድሞ ልጁ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚያስፈራው ይነገረው። ከሁሉ በላይ ሰው ሲበተን ሁለት ነገር ተጽፎ ይቅር፦ የሚቀጥለው ቀንና የስልክ ዝርዝር። ዝግጅቱ የሚለካው በዚያን ዕለት በመጣው ሕዝብ ሳይሆን በሦስተኛው ሳምንት በተደወለው ስልክ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ተቋም አይጠይቅም። ድንኳን ያለው፣ ወንበር ያለው፣ ሠሃንና ድስት ያለው፣ የአባላት ዝርዝርና የመዋጮ መዝገብ ያለው፣ ቀሪ አባል የሚቀጣ ደንብ ያለው ተቋም በየሰፈሩ አለ። እድር ከቀብር ውጭ መሥራት እንደሚችልም ያሳየው ዛሬ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ ብዙ ቤት ባራቆተበት ዘመን በርካታ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ አልባ ልጆችን ደግፈዋል። ያኔም ቢሆን በሽታው የሚያሳፍር ነበር፤ የሚደበቅ ነበር። ደንብ ሲሻሻል ግን ኀፍረቱ አብሮ ተሻሻለ፤ ሰው እንዲሄድ የሚያዝ አንቀጽ ካለ ወሬኛው ሳይቀር ይሄዳል።

ለእድር ጉዳዩ ሩቅ የማይሆንበት ሌላ ምክንያትም አለ። የእነዚህን ልጆች ወላጆች ሌሊት የሚቀሰቅሳቸው ጥያቄ «እኔ ስሞት ማን ያየዋል?» የሚል ነው። ሁሉም በየወሩ የእድር ይከፍላሉ። ሲሞቱ ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ለቀባሪው ወጪ ይሰጣል፣ በሠልስቱ ወንበሩ ተለቅሞ ይሄዳል። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ራሱን ችሎ ምግብ የማያበስል፣ ገንዘብ የማይቆጥር ልጅ ግን እዚያው ቤት ይቀራል። ያን ቀን ድንኳን ተካዩ ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ከሆነ ምንም ሊያደርግለት አይችልም። ስሙን የሚያውቅ፣ ምን እንደሚበላ የሚያውቅ፣ ሲፈራ ወዴት እንደሚሸሽ የሚያውቅ ጎረቤት የሚፈጠረው ወላጁ በሕይወት ሳለ ነው።

ስለዚህ ለእድር የሚቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ድንኳኑና ወንበሩ ለእነዚህ ቤተሰቦች መሰባሰቢያ በነፃ ይሰጥ። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለሁለት ሰዓት፣ ልጁን የሚይዙ አባላት በተራ ይመደቡ፤ ለለቅሶ ያልመጣ የሚቀጣ ከሆነ ተራውን ያልጠበቀም ይቀጣ። አባል ሲሞት አብሮት የሚኖር ጥገኛ ልጅ ካለ ከቀብር በኋላ ማን እንደሚከታተለው አስቀድሞ በመዝገብ ይስፈር። ሦስቱም በአንድ ጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰኑ ናቸው፤ ለሰብሳቢው ማመልከቻ የሚጽፈው አባል ደግሞ የልጁ ወላጅ መሆን የለበትም።